ስኩባ ጠላቂ ስኖርክል ይያዝ ወይስ ይተወው?

ጠላቂዎች የጫነች ጀልባ ላይ ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ ጎራው ወዲያው ይለያል። በቅርቡ ኮርስ የጨረሱት ስኖርክላቸውን፣ ማለትም ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ ከላይ አየር የሚሳብበትን ቱቦ፣ ማስካቸው (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው መነጽር) ላይ አንጠልጥለዋል። ቆየት ያሉት አብዛኞቹ ባዶ ማስክ ነው የሚያደርጉት። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ካልሲ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ አዲሱ "አሰልጣኜ ያዝ ስላለኝ" ይላል። የቆየው "ኧረ ተዉት፣ ማን ይጠቀምበታል" ይላል። ሁለቱም የሚሄዱት በልማድ ነው።

እኔ የምለው፣ ስኖርክል መያዝና አለመያዝ በየዳይቩ፣ ማለትም በጠለቃችሁ ቁጥር፣ ይወሰን ነው። ለመወሰን ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ውሃው ላይ ስንት ደቂቃ እዋኛለሁ? ሞገዱ ምን ይመስላል? ስወጣ ጀልባው ወይም ዳርቻው ምን ያህል ይርቀኛል? ሦስቱም ቀላል መልስ ካላቸው ስኖርክሉ ቢቀር ምንም አይጎድልባችሁም። አንዱ እንኳ የሚያጠራጥር ከሆነ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን የት እንደምታስቀምጡት አስቡበት። ብዙ ሰው ስኖርክልን የሚጠላው የማይሆን ቦታ ስላንጠለጠለው ነው።

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወርዶ ለመጥለቅ ለሚያስብ፣ እስራኤል ውስጥ ኢላት ወይም ኤምሬትስ ውስጥ ፉጃይራ አካባቢ እየኖረ ቅዳሜን ውሃ ውስጥ ለሚያሳልፍ ሰው ነው። ኮርስ ያልወሰደ ሰው መጀመሪያ ኮርሱን ይውሰድ። እዚህ ያለው ለኮርስ ምትክ አይሆንም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

"ስኖርክል የሲሊንደር አየር ይቆጥባል" ይባላል፤ ሲሊንደር ጀርባ ላይ የምትሸከሙት የታመቀ አየር የያዘው ነው። እውነት ነው፤ ግን ምን ያህል?

አንድ ሰው ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ሲዋኝ በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ አየር ይተነፍሳል እንበል። 10 ደቂቃ ከዋኘ 200 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ያ 10 ደቂቃ የበላው 17 ባር አካባቢ ነው። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ በዚያው 200 ሊትር እዚያ የምትቆዩት ከ3 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። "ለ3 ደቂቃ ብዬ ፊቴ ላይ ቱቦ አላንጠለጥልም" የሚል ሰው ካለ አልፈርድበትም።

ሒሳቡ የሚለወጠው ስትወጡ ነው። 50 ባር ቀርቷችሁ ወጣችሁ። 600 ሊትር ማለት ነው። ተረጋግቶ ለሚተነፍስ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከሞገድ ጋር እየታገለ በደቂቃ 40 ሊትር ለሚስብ ግን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ጀልባው ሌላ ቡድን ሊያነሳ ከሄደ ሩብ ሰዓት ሳይታወቃችሁ ያልፋል። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ደግሞ በየሞገዱ ጨዋማ ውሃ እየጠጡ አንገት ቀና አድርጎ መጠበቅ ነው። ስኖርክል ግን ጌጅ፣ ማለትም የቀረውን አየር የሚያሳይ መለኪያ፣ የለውም። አያልቅም።

ሌላው ጥቅሙ የሚረሳ ነው። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ስትዋኙ ከታች ያለውን ታያላችሁ። የመውረጃውን ገመድ፣ የሪፉን (የኮራሉን) ጠርዝ፣ ቀድሞ የወረደውን ጓደኛችሁን ሳትጠልቁ ታገኙታላችሁ። ከዳርቻ ለሚገባ ሰው ይህ ከአየሩ ቁጠባ ይበልጣል።

ስኖርክል ከሌለ አማራጩ በጀርባ ተኝቶ መዋኘት ነው። ቢሲዲውን፣ ያንን የሚነፋውን ጃኬት፣ ነፍታችሁ ሰማይ እያያችሁ እግራችሁን ትመታላችሁ። ውሃው የተኛ ከሆነ ምቹ ነው፤ ወሬም ይቻላል። ችግሩ የምትሄዱበትን አለማየት ነው፤ በየጊዜው ዞር ካላላችሁ አቅጣጫ ትስታላችሁ። ሞገድ ካለ ደግሞ ውሃው በቀጥታ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

የት ይያዝ፣ የት ይቅር

ከዳርቻ የሚገባበት ቦታ ላይ ያዙ። ኢላት፣ የግብፁ ዳሃብ፣ ፉጃይራ ውስጥ ስኑፒ ደሴት አካባቢ ብዙው ዳይቭ እንደዚህ ነው። በእግር ገብታችሁ፣ ጥልቀቱ እስኪመጣ ውሃ ላይ ዋኝታችሁ፣ ከዚያ ነው የምትወርዱት። ስትመለሱም እንደዚያው። እዚህ ስኖርክል ማስክ ላይ ቢሰካ ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ።

ክፍት ባሕር ላይ ከጀልባ ስትወርዱ፣ በተለይ ውሃው እየወሰዳችሁ የምትጠልቁ ከሆነ፣ ኪስ ውስጥ ይሁን። ከታች እያላችሁ ፊታችሁ ላይ የሚሠራው ነገር የለም። እንዲያውም ፍሰቱ ጠንካራ ሲሆን ቱቦውን ይገፋዋል፤ ቱቦው የማስኩን ማሰሪያ ይጎትታል፤ ማስኩ ውሃ ማስገባት ይጀምራል። ማስኩ ከፊታቸው ጋር እንደማይስማማ ከሚያስቡ ሰዎች የአንዳንዶቹ ችግር ይኸው ስኖርክል ነው። ነቅላችሁ ሞክሩት።

የሰመጠ መርከብ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ፣ ዋሻ ከሆነ፣ ጣራ ያለው ቦታ ሁሉ ከሆነ ማስክ ላይ አይሁን። ቀይ ባሕር ላይ ቲስልጎርም የምትባለውን የብሪታንያ ጭነት መርከብ ብዙ ሰው ያውቃታል። በ1941 በጀርመን አውሮፕላን ተመትታ የሰመጠች ናት፤ 30 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ውስጧ እስከ ዛሬ ሞተር ሳይክልና የጭነት መኪና አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ሽቦ፣ ገመድ፣ የዛገ ብረት፣ የተረሳ የዓሣ ማጥመጃ ክር አይጠፋም። ከጭንቅላታችሁ ወጣ ብሎ የቆመ ቱቦ ክር ለመሳብ የተሠራ ነው የሚመስለው። እናንተ ደግሞ ከኋላችሁ ያለውን አታዩትም። ውሃው ላይም እዚያ የሚያስፈልገው መዋኘት አይደለም፤ ገመድ ይዞ መሄድ ነው።

2 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያመጣው) ቱቦ አንገታቸው ላይ የሚያዞሩ ጠላቂዎችም ማስካቸው ላይ ስኖርክል አያደርጉም። አየር ለጨረሰ ጓደኛ ያንን ቱቦ ሲሰጡ በጭንቅላታቸው ላይ ነው የሚያልፈው። ስኖርክል ካለ እዚያው ይያዛል። ለጓደኛ አየር መስጠት በሰከንድ የሚለካ ነገር ስለሆነ ይህ ክርክር የለውም።

ኮርስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄውን ለጊዜው ተዉት። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሰልጠኛ ድርጅት የጀማሪ ኮርስ፣ ኦፕን ዋተር፣ ስኖርክልን ከተማሪው ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ውሃ ላይ ስኖርክልና ሬጉሌተር መለዋወጥንም ያስተምራል። ተማሩት። በኋላ ባትይዙትም ችሎታው ይቀራል።

ምን ዓይነት ይገዛ

ሱቁ ውስጥ በጣም ውዱ ብዙ ጊዜ ለስኩባ በጣም መጥፎው ነው።

የሚበቃው ቀለል ያለ፣ ጠመም ያለ ቱቦ ነው። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ። "ረጅም ቢሆን ከሞገድ በላይ ይወጣልኛል" ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። አይሆንም። አንደኛ፣ የተነፈሳችሁት አየር ቱቦው ውስጥ ይቀርና መልሳችሁ ትስቡታላችሁ፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር የምትመልሱት የተቃጠለ አየር ይበዛል። ሁለተኛ፣ ደረታችሁ ግማሽ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ የውሃው ግፊት ይጫነዋል። የመተንፈሻ ጡንቻ ያንን አሸንፎ ከላይ አየር መሳብ በጣም ይከብደዋል። ቱቦ እየቀጠሉ መጥለቅ በካርቱን ፊልም ብቻ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ መዝጊያ ያለው፣ "ውሃ አያስገባም" ተብሎ የሚሸጠው፣ ላዩን ለሚዋኝ ቱሪስት ጥሩ ነው። ለጠላቂ ግን ትልቅ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ይከብዳል፤ አሸዋ ከገባበት መዝጊያው ይያዛል። ከአፍ በታች ትንሽ የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ያለውን ግን አልቃወምም። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ለማስወጣት ያግዛል፤ የሚበላሽበትን መንገድ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ስኖርክል ለዚህ ሥራ አታስቡት። ሬጉሌተር አይገባበትም። አፍንጫ ይዞ ጆሮ ለማስተካከልም አይመችም።

ለኪስ የሚሆነው ከለስላሳ ሲሊከን የተሠራ፣ የሚጠቀለል ወይም የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ጠቅልሉትና ልቀቁት። ወዲያው ቀጥ ካለ ደህና ነው። የታጠፈበት ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ከቀረ ውሃ ላይም እንደዚያው ይሆናል፤ አየር አያሳልፍም፤ መልሱት።

አፍ ውስጥ የሚነከሰውን ጎማም ሞክሩት። ትልቅ ከሆነ ከ10 ደቂቃ በኋላ መንጋጋ ያማል። ከቻላችሁ የራሳችሁን ግዙ። የኪራይ ስኖርክል ስንት አፍ እንደዞረ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ማስክ ላይ ሲሰካ

1. ጎኑ ግራ ነው። ሬጉሌተሩ በቀኝ ትከሻ ስለሚመጣ ቀኙ ተይዟል። ዕቃ ስትከራዩ አንዳንዴ በቀኝ ተሰክቶ ይሰጣችኋል፤ ገልብጡት።

2. ስምንት ቁጥር የሚመስለውን የጎማ ማያዣ ውሰዱ። አንዱን ቀለበት ቱቦው ላይ አስገቡ። የቀረውን በማስኩ ማሰሪያ ውስጠኛ በኩል፣ ማለትም በጭንቅላታችሁና በማሰሪያው መካከል አሳልፉት። ከዚያ ሁለተኛውን ቀለበት ስባችሁ ቱቦው ላይ መልሱ። አሁን ማሰሪያው በጎማውና በቱቦው መካከል ተቆልፏል። ጎማው ሲደርቅ አስቸጋሪ ነው፤ ውሃ ንካ ንካ አድርጉት። በፕላስቲክ መቆንጠጫ የሚሰካ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ግን መቆንጠጫው ይሰበራል፤ ጎማው አይሰበርም።

3. ማስኩን አድርጉና ቁመቱን አስተካክሉ። ማያዣው ከጆሮ ትንሽ ፊት ይሁን። የሚነከሰው ጎማ ሳትጎትቱት አፋችሁ ጋ መድረስ አለበት። አፋችሁ ውስጥ ካለ በኋላ አንዱን ጎን የሚስብ ከሆነ ቱቦውን በማያዣው ውስጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ግፉት። ሚሊ ሜትር ነው የሚለየው።

4. ፊታችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት እያየ፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መቆም አለበት። ይህን መስታወት አያሳያችሁም። ጓደኛችሁ ከጎን ይይላችሁ።

ማያዣ ከጠፋ ወይም ከኪስ ቶሎ አውጥታችሁ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ቱቦውን በማስኩ ማሰሪያ ሥር ማሾለክ ነው። ማሰሪያው ጭንቅላታችሁ ላይ ያጣብቀዋል። ለረጅም መንገድ አይመችም፤ ጀልባ ለመጠበቅ ግን ይበቃል። የሚታጠፈውን ስኖርክል የምጠቀመው እኔ እንደዚህ ነው።

ኪስ የሌለው ቢሲዲ ከሆነ ሰዎች የሚያደርጉት የተለያየ ነው። ድሮ ቢላ እግር ላይ በሚታሰርበት ጊዜ ስኖርክሉን ከቢላው ማሰሪያ ሥር ያስገቡ ነበር። ዛሬም ጭን ላይ ኪስ ያለው ሱሪ የሚለብስ አለ። የትም ይሁን፣ አንድ መመዘኛ አለው፦ ውሃ ላይ ተንሳፍፋችሁ፣ ሳታዩ፣ በአንድ እጅ ልታወጡት ይገባል። ካልቻላችሁ አልያዛችሁትም ማለት ነው።

ከሬጉሌተር ወደ ስኖርክል፣ ከስኖርክል ወደ ሬጉሌተር

አደጋው ያለው እዚህ ልውውጥ ላይ ነው። ቱቦው ሁለቱም ወገን ክፍት ስለሆነ ሳይታወቃችሁ ውሃ ልትስቡበት ትችላላችሁ።

ስትወጡ፦

1. ሬጉሌተሩ አፋችሁ ውስጥ እያለ ቢሲዲውን ንፉ። ይህ ሳይሆን ምንም ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። ጭንቅላታችሁ ያለ እግር ምት ከውሃ በላይ መቆየት አለበት።

2. ስኖርክሉን በግራ እጅ ያዙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የቢሲዲው መንፊያ ቱቦም በግራ ነው። ሰው ሲደናገጥ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይይዛል። በጣታችሁ ለዩት። መንፊያው ቁልፍ አለው፤ ስኖርክሉ የለውም።

3. ትንፋሽ ስባችሁ ያዙ። ሬጉሌተሩን አውጡና አፉን ወደ ታች አዙሩት። ወደ ላይ ካዞራችሁት አየሩ እየተንፎለፎለ ይወጣል።

4. ስኖርክሉን አስገቡ፤ የያዛችሁትን ትንፋሽ በአጭሩና በኃይል ንፉ። ቱቦው ውስጥ የነበረው ውሃ በጫፉ ይወጣል።

5. የመጀመሪያው መተንፈስ ቀስ ይበል። ምላሳችሁን ወደ ላንቃችሁ ከፍ አድርጉት፤ የቀረ ጠብታ ካለ እዚያ ይቀራል፤ ጉሮሮ አይደርስም። እንደገና ንፉ። ከዚያ በኋላ ረጋ ብላችሁ በረጅሙ ተንፍሱ። አጭር አጭር ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ ያለውን አሮጌ አየር ማመላለስ ብቻ ነው።

ቢሲዲው ከመጠን በላይ ከተነፋ ፊታችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ መዋኘት አትችሉም። ጃኬቱ ቀጥ አድርጎ ያቆማችኋል፤ ደረታችሁንም ይጨምቃል። ትንሽ አየር ልቀቁለት። ደረታችሁ ውሃ ውስጥ፣ ጀርባችሁ ውሃ ላይ ሲሆን ልክ ነው።

ስትወርዱ ተቃራኒው ነው። ግን አንድ ነገር አለ። ስኖርክል አፋችሁ ውስጥ እንዳለ፣ አስጎብኚው አውራ ጣቱን ወደ ታች ሲያሳይ ቢሲዲውን አራግፎ መውረድ ይመጣል። በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ትንፋሽ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ እጃችሁ የቢሲዲው ማራገፊያ ላይ ከመሄዱ በፊት ሬጉሌተሩን አስገቡ፣ ንፉ፣ ሁለት ጊዜ ተንፍሱ፣ ጌጁን እዩ። ጓደኛችሁም አፉ ውስጥ ምን እንዳለ እዩለት። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ልምምዱን ባሕር አትጠብቁለት። አዲስ አበባ ያለ ሰው የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃዋል። ላንጋኖም ይሆናል፤ ውሃው ቡናማ ስለሆነ የሚታይ ነገር አትጠብቁ እንጂ። በጣም የሚጠቅመው ልምምድ ማስክ ሳያደርጉ ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ በስኖርክል መተንፈስ ነው። አፍንጫ ክፍት ሆኖ በአፍ ብቻ መተንፈስ መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ጥቂት ከቆያችሁ ይለመዳል። ማስኩ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ቢወልቅ የሚያድናችሁ ይኸው ልማድ ነው።

ትንፋሽ ይዘው በስኖርክል የሚጠልቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሌላ የማስወጫ ዘዴም አለ። ወደ ላይ ሲወጡ ቀና ብለው ያያሉ፤ የቱቦው ጫፍ ከአፋቸው ዝቅ ይላል፤ ትንሽ አየር ይለቃሉ፤ አየሩ ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰፋና ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሲሊንደር ለያዘ ሰው አያስፈልግም። እናንተ ሬጉሌተር አፋችሁ ውስጥ ሆኖ ነው የምትወጡት።

ጀልባው ካልታየ

ስኖርክል እዚህ ሦስተኛ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱት። መጀመሪያ ተንሳፈፉ፦ ቢሲዲው ይነፋ፤ ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ በአፍ ይነፋ፤ ካልበቃ ክብደቱ ይጣል። የክብደት ቀበቶ ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አያስብ። ቀጥሎ ታዩ፦ ረጅሙ የምልክት ፊኛ ይነፋ፤ ፊሽካ ይነፋ። ከጓደኛችሁ ጋር ተያያዙ። ከዚያ በኋላ ስኖርክሉን አውጡ። ጀርባችሁን ለሞገዱ ስጡ፤ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ዕረፉ፤ በየተራ ቀና እያላችሁ ጀልባውን ፈልጉ። ለአንገት ትልቅ ዕረፍት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር ደግሞ ጀልባዋ ስትመጣ፣ መሰላሉ ጋ ሞገድ ሲያላትማችሁ፣ ያኔ ትጠቀሙበታላችሁ። መሰላል ላይ ስትወጡ ሬጉሌተር እንጂ ስኖርክል አፋችሁ ውስጥ አይሁን፤ ብትወድቁ የሚተነፈሰው በሬጉሌተሩ ነው።

ጅቡቲ ለሚወርዱ

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ እዚያ የሚታዩት ግን ብዙዎቹ ገና ታዳጊዎች ናቸው። የሚበሉት ፕላንክተን ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ላዩን ላይ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚታዩት በስኖርክል ነው። ሲሊንደር ተሸክሞ መከተል አይታሰብም፤ ሰነፍ መስለው እየሄዱ እንኳ ይቀድሟችኋል። በብዙ አገር የሚሠራበት ልማድ ከጎን 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ ነው። አትንኩ፤ ፊቱ ላይ አትቁሙ። እዚህ ጉዞ ላይ የሚታጠፈው የኪስ ስኖርክል አይበቃችሁም። ደህና ማያዣ ያለውን፣ ማስክ ላይ የሚሰካውን ያዙ፤ ሙሉ ጠዋት አፋችሁ ውስጥ ስለሚውል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ስኩባ ከጠለቁ በኋላ ወዲያው ከፍታ ላይ መውጣት አይቻልም። ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ካለበለዚያ አረፋ ይሆንና ሰው ይጎዳል። በሰፊው የሚሠራበት የዳን፣ ማለትም የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ ምክር፣ አንድ ዳይቭ ብቻ ላደረገ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለበርካታ ዳይቭ ወይም ለበርካታ ቀን ቢያንስ 18 ሰዓት ከመብረር መቆየት ነው። ስትወጡ በየመሀሉ የማቆም ግዴታ ያለበት ጥልቅ ዳይቭ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሰው ይህን ከአውሮፕላን ጋር ብቻ ያያይዘዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አውሮፕላን ውስጥ የሚኖረው ግፊትም ከዚያ ብዙ አይለይም። ማለትም አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ከፍታው ላይ ናችሁ። በመኪና ወይም በባቡር ብትመጡም ያው ነው፤ ዳገቱ አንድ ነው። "በመኪና ስለምመለስ ችግር የለም" ብሎ ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት የሚነሳ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራም ስታወጡ ዳይቩን ከፊት፣ ዌል ሻርኩን ከመጨረሻው ቀን አድርጉት። ላዩን ላይ በስኖርክል መዋኘት ናይትሮጅን አይጨምርባችሁም። ትንፋሽ ይዞ ደጋግሞ በጥልቀት መውረድ ግን ከስኩባ በኋላ አይመከርም፤ ላዩን ላይ ሁኑ። አስጎብኚው ከዌል ሻርኩ በኋላ "አንድ ዳይቭ ልጨምርላችሁ" ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉት።

ከመታሸጉ በፊት

በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ደጋግሞ የዋለ ዕቃ ቶሎ ያረጃል። እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት ጥቁር ሻጋታ ይይዘዋል፤ እሱ ደግሞ ታጥቦም አይለቅም። የሚጠቀለለውን ዓይነት ተጠቅልሎ ለወራት አታስቀምጡት፤ ቤት ስትደርሱ ፍቱትና ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የጎማ ማያዣውን ጎትታችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ካለበት ቀይሩት። ርካሽ ነው፤ መለዋወጫ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ።

ከታች ቫልቭ ያለው ከሆነ ደግሞ ይህን ፈትሹ። የቱቦውን ላይኛ ጫፍ በመዳፋችሁ ድፈኑና በአፋችሁ ሳቡ። ምንም መግባት የለበትም፤ ቱቦው አፋችሁ ላይ መጣበቅ አለበት። አየር ከገባ ቫልቩ ያፈሳል፤ ውሃ ላይም ውሃ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከስሱ ላስቲክ ሥር የገባ አንድ ፍሬ አሸዋ ነው። ላስቲኩን በጥፍራችሁ ሳይሆን በውሃ ግፊት ከፍታችሁ እጠቡትና እንደገና ሳቡ። አሁንም ካፈሰሰ ላስቲኩ ተጣሟል ማለት ነው። እሱን ለመጠገን አትልፉ፤ ሌላ ግዙ።